ለጎርፉ አገር የፈረምኩት ወረቀት

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ድንበር ማዶ ባለችው ጎረቤት አገር ወንዙ ሞልቶ የጭቃ ቤቱን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደው። በቴሌቪዥን ሲያሳዩት እራቴን ተውኩ። «ምን ሆንክ?» አለችኝ ባለቤቴ። «ያን ወንዝ አውቀዋለሁ» አልኳት።

በደርግ ጊዜ ሸሽቼ ሦስት ዓመት እዚያ ኖሬአለሁ። ወባ ሲጥለኝ፣ ወንዙ ዳር የምትኖር አንዲት ባልቴት ልጆቿን መሬት አስተኝታ እኔን አልጋ ላይ አስተኛችኝ። ቋንቋዬን አታውቅም፣ ሃይማኖቷም ሌላ ነው። ስድን፣ ግንበኛ ነኝና አጥሯን ልሥራላት ብዬ ድንጋይ ለቀምኩ። እምቢ አለች። ገና አልጠናህም ማለቷ ነው። ሳልሠራላት አገሬ ገባሁ፤ ነገሩ ግን አርባ ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል።

ብዙም ሳይቆይ መንግሥታችን ለመልሶ ግንባታው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሊልክ ነው፣ ግንበኞችና አናጢዎችም አብረው ይሄዳሉ ተባለ። ከመዝጋቢዎቹ አንዱ አበልጄ ነበር። ወንድ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ድሮ ሰፈራችን ሳይፈርስ ግድግዳችን አንድ ነበር፤ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰንም እዚሁ ልደታ፣ እሱ ከታች እኔ ከላይ።

«ዕድሜህስ?» አለኝ።

«ግድግዳ የግንበኛውን ዕድሜ ይጠይቃል?»

«አንተ ሽማግሌ፣ ደረጃ ስትወጣ ስታለከልክ የምሰማህ እኔ ነኝ!»

«እዚያ ፎቅ የለም፤ ጻፈኝ።»

ሳቀና ጻፈኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ያለፈው ያደክመኛል። «የመሄጃህ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ። ልጅህን ክርስትና ያነሳን ሰው «እስቲ አንብብልኝ» ማለት እኛ ዘንድ ሌባ ነህ እንደ ማለት ነው። ፈረምኩ። ምሳ ቀረበ፣ በእጄ አጎረስኩት።

ሻንጣዬን አሰናድቼ ብጠብቅ የሚጠራኝ የለም። ሜክሲኮ አደባባይ ካለው መመዝገቢያ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ፣ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ትተውታል፤ መኪኖቹም ዛሬ ጠዋት ወጥተዋል» አለችኝ። «ማነው የተወው?» አልኳት። አነበበችልኝ፦ በዕድሜና በጤና ምክንያት በራሴ ፈቃድ ቀርቻለሁ ይላል። ከሥሩ ያለው የኔው ፊርማ ነው፤ ጠማማነቱን አውቀዋለሁ።

አበልጄን ጠርቼ ባለቤቴ ፊት ጠየቅኩት። አልካደም።

«ሬሳህን ከዚያ በረሃ ማን ያመጣል? ልጅህስ ምን ይለኛል?»

«ፊት ለፊት አትሄድም ብትለኝ እንጣላ ነበር፤ ተጣልተንም እንታረቅ ነበር።»

«ብነግርህ መች ትሰማኛለህ? በቅሎ ነህ እኮ አንተ!»

«በቅሎስ የሚጭናትን ታያለች።»

ዞር ብዬ ባለቤቴን አየኋት። አቀረቀረች። ለካ እሷም ታውቅ ኖሯል። ሁለቱም ለኔ ብለው ነው፤ ይሁን። ግን ሰው ማንበብ አይችልም ተብሎ በገዛ ፊርማው ይታለላል? ጠላት ቢያደርገው ይቀለኝ ነበር። አበልጄን ደረጃው ድረስ እንኳ ሳልሸኘው ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ከሚጽፉት አንዷ ዘንድ ሄድኩ። «ወድጄ አልቀረሁም፤ ያስፈረሙኝ ሳይነግሩኝ ነው፤ ሌላ መኪና ሲወጣ ጥሩኝ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ጽፋ አነበበችልኝ።

«ድገሚው» አልኳት።

«አባባ፣ አላመኑኝም እንዴ?»

«አላመንኩሽም፣ ልጄ።»

እየሳቀች ደገመችልኝ። ፈረምኩና ወደ ሜክሲኮ ወጣሁ።