ቁጥር የማይሰጥበት ላውንደሪ

ሰፈሩ «እትዬ እንፋሎት» የሚላት ሴት ላውንደሪ አላት። ሌላ ቦታ ልብስ ስታስገባ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይሰጥሃል፤ እሷ ጋ ወረቀት ብሎ ነገር የለም። ልብሱን ዳበስ፣ ፊትህን አየት ታደርግና «ሐሙስ ና!» ትልሃለች፤ አለቀ። ሐሙስ ገና በሩን ሳታልፍ ኮትህ ከመስቀያው ወርዶ ይጠብቅሃል። እንዲህ ስትሠራ ፀጉሯ ሸበተ፤ የሰው ካልሲ እንኳ ተሳስታ አታውቅም።

ከዚያ ባሏ ታመመ። ወራት ሙሉ ከሆስፒታል ላውንደሪ፣ ከላውንደሪ ሆስፒታል ስትል እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። እሱስ፣ እግዜር ይመስገን፣ ድኖ ቤቱ ገባ፤ ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሲላላውን አስተማሪ ሱሪ ለቦርጫሙ ሥጋ ሻጭ ሰጠችው። ሰውዬው ጉልበቱ ላይ ተቀርቅሮበት ደወለ፦ «እትዬ፣ ሱሪዬን ያጠቡት ነው ወይስ የቀቀሉት?»

ሰፈር ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ማታ ግን እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ በእርጅናዋ የገዛ ልጇን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ነው የሞተችው። «ተራዬ ደረሰ» አለች በልቧ። ባሏ በየልብሱ ላይ ቁጥር ሲለጥፍ ቆማ አየች፤ እንደዚያ ቀን ከፍቷት አያውቅም።

ልትመረመር የሄደችበት የሰፈሩ ክሊኒክ ሐኪም የቆየች ደንበኛዋ ናት። ደህና አድርጋ ከመረመረቻት በኋላ ወንበሯን ሳብ አደረገች።

«እትዬ፣ ይሄ የእናትዎ በሽታ አይመስለኝም። ስንጨነቅ ሰውነታችን አንድ ሆርሞን ያመነጫል። ለአንድ ቀን ጥሩ ዘበኛ ነው። ወራት ሙሉ አልወርድ ሲል ግን የአንጎልን ሕዋሳት የሚያሳድገውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል፤ በተለይ የምናስታውስበት ቦታ ላይ።»

«አንጎሌ ደረቀ በይኛ!»

«ቢቀጭጭ ነው እንጂ! ይተኙ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ይሳቁ፤ ያ ንጥረ ነገር መልሶ ይጨምራል።»

«ሳቅ የሚያዝ ሐኪም ገና ዛሬ አየሁ!»

ከዚያማ ማን ይቻላት! ጠዋት ጠዋት ባሏን እየጎተተች ትወጣለች። ዳገቱ ላይ «ኧረ በሽተኛው እኔ ነበርኩ!» ይላል። «ዝም ብለህ ተራመድ፤ አንጎሌን እያሳደግኩ ነው!» ትለዋለች። ማታ ገና ጋደም ስትል እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳታል።

አንድ ቀን የክሊኒኩ ጋዋኖች በጆንያ መጡ። ባል ሆዬ ቁጥር ሳይለጥፍ ማሽኑ ውስጥ ከተታቸው። ታጥበው ሲወጡ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። «ጉድ ፈላ!» አለ ራሱን ይዞ።

እሷ አንዱን አንስታ ዳበሰችው። ክርኑ ሳስቷል። «ይሄ የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ መደገፍ ይወዳል።» ሌላውን አነሳች፤ ቁልፉ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። «ይሄ የዚያች የሳቅ ሐኪም!» እጇ እየፈጠነ ሄደ፤ የነርሷን፣ የመድኃኒት ቤቱን ልጅ፣ ሁሉንም እየጠራች ሰቀለች። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ፊቷን ጋዋኑ ውስጥ ቀበረችና ስቅስቅ አለች።

ባሏ ደነገጠ። «ምነው? የማን እንደሆነ ጠፋብሽ?»

«አልጠፋኝም» አለች፤ «አለሁ። አለሁ እኮ፣ አንተ ሰው!»

እሱም ባዶው ጆንያ ላይ ዘጭ ብሎ አብሯት አለቀሰ።