አንድ ፀሐይ ለሁለት ሕመም

እናቴ ደጃፋችን ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥታ እኔንና እህቴን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታሞቀን ነበር። በንጉሡ ዘመን ነው፤ ከሸማ ተራ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ በኪራይ እንኖር ነበር። አባታችን ሸማ ይነግዳል፣ እኛ ደግሞ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሸማኔው ልቅ ትቶት የሚመጣውን የነጠላ ጫፍ እየገመድን እንቋጫለን። እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ሁለታችንም አላገባንም፤ ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሕመምተኞች ነን።

ሕመማችን በወሬ አንድ ነው። እሷም እኔም ጠዋት ስንነሳ ጣታችን አልታጠፍ ይላል፣ ሳንሠራ ይደክመናል፣ ተኝተን ያደርን አንመስልም። እናቴ ታዲያ ሐኪም አላስፈለጋትም። "የአባታቸው ወገን ቁርጥማት ነው" ብላ ፈረደች፤ በራሷ ወገን በኩል እኮ ሰው ታሞ አያውቅም! ለቁርጥማት የሚደረገው ደግሞ የታወቀ ነው፤ በቅቤ ታሽቶ ፀሐይ መሞቅ።

እኔን ፀሐዩ ረዳኝ። ጀርባዬ ሲሞቅ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ፋታ ይሰጠኛል። እህቴ ግን ሞቃ በገባች ቁጥር ይብስባታል። ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ጉንጮቿ በርበሬ የተቀባች ይመስል ይቀላሉ፣ ትኩሳት ይይዛታል፣ ጣቶቿ ያብጣሉ። የእኔ ጣት ክፉኛ ያማል እንጂ አብጦ አያውቅም። ይህን በየቀኑ አያለሁ፣ ለማንም ግን አልናገርም።

አንዲት ጎረቤታችን የእህቴን ፊት አይታ፣ "ኧረ ይቺን ልጅ ምች ነው የመታት፣ ፀሐይ አታውጪያት" አለች። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ቀባቻት፣ አጠጣቻት፣ ለጥቂት ቀን ቤት ውስጥ አስቀመጠቻት። ቅላቱ ቀነሰ። ቅላቱ ሲቀንስ ምቹ ለቀቃት ተባለና ለቁርጥማቷ ተመልሳ ፀሐይ ወጣች። ፀሐዩ ያሳምማታል፣ ዳማከሴው ይመሰገናል፣ ከዚያ እንደገና ወደ አግዳሚው። ሦስት ዓመት በዚህ ዞርን።

አንድ ቀን "ፀሐዩ ነው የሚያመኝ፣ አልወጣም" አለች እህቴ። እናቴ ወደ እኔ ጠቆመች።

"ይቺ አልተሻላትም? ያው ሕመም፣ ያው ፀሐይ! አንቺ ሥራ ጠልተሽ ነው።"

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። አንድ ቃል እንድናገርላት ነው። እኔ ግን፣ "ትንሽ ቻይው፣ እኔንም መጀመሪያ ላይ አቃጥሎኝ ነበር" አልኳት። ውሸቴን ነው፤ አንድም ቀን አላቃጠለኝም። ፈርቼ ነው። ሕመማችን የተለያየ ከሆነ እኔን ማን ያምነኛል? በሰውነቴ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ የታመምኩ መሆኔ የሚታመነው በእህቴ እብጠት ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ለፋሲካ ገበያ ስንቋጭ ሰንብተን የእህቴ እግር አበጠ፣ ጫማ እምቢ አለ። አባታችን ሱቁን ዘግቶ እናታችንንም ይዞ ሆስፒታል ወሰደን፤ ሕመሙ አንድ ስለሆነ እኔም አብሬ እንድመረመር ብሎ። ሐኪሙ ወጣት ነው። የእህቴን ነጠላ ከፊቷ ገልጦ በመስኮቱ ብርሃን አያትና፣ "ፀሐይ ሲነካሽ ምን ትሆኛለሽ?" አላት። እህቴ አለቀሰች። ስትናገረው የኖረችውን ነገር ነበር የጠየቃት።

የሁለታችንም ደምና ሽንት ከተመረመረ በኋላ የእህቴ በሽታ ሉፐስ ይባላል አለን። ሰውነቷ ራሱን ያጠቃል፣ ኩላሊቷም ተነክቷል፣ ፀሐይ ጨርሶ ማየት የለባትም።

"ቀደም ብለን ብናመጣትስ ኖሮ፣ ዶክተር?" አለ አባቴ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አጠፈና ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ የእኔን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ተጫናቸው። "ያንቺ ሌላ ነው። እብጠት የለም፣ ደምሽም ንጹሕ ነው።"

"ታዲያ ምንድን ነው የሚያመኝ?"

"አላውቅም" አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነበር። እናቴ ግን ደህና ናት እንደተባለ ቆጠረችው። እኔም እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በእህቴ ቀናሁ። ኩላሊቷ በተነካ እህቴ ቀናሁ! የእኔ ሕመም ፋይብሮማያልጂያ መባሉን የሰማሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ መስኮቱ በጋቢ በተጋረደ ክፍል ውስጥ ዋለች። እኔ የእሷም ድርሻ ተጨምሮብኝ እቋጫለሁ። ጋደም ካልኩ እናቴ "ደምሽ ንጹሕ ነው ተብለሻል እኮ!" ትላለች። እህቴ ከዚያ ክፍል መውጣት አትችልም፣ እኔ ከሥራው መነሳት አልችልም።

አንድ ቀን ምሳዋን አስገብቼላት አብረን ስንቀርብ ያ ውሸት አላስበላ አለኝ።

"ፀሐዩ አቃጥሎኝ ነበር ያልኩሽ ውሸት ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ። ፊትሽን አየው አልነበር?" አለች። ከዚያ ሳህኑን ወደ ጎን አደረገችና፣ "መታመምሽ ግን ውሸት አይደለም። ዛሬ የት ነው ያመመሽ?" አለችኝ።

ትከሻዬን አሳየኋት። ባበጡት ጣቶቿ ታሸኝ ጀመር። እኔ ነበርኩ ማሸት የነበረብኝ፣ ግን ዝም ብዬ ታሸሁ። በየቀኑ ምሳ ይዤ ስገባ ቦታውን ትጠይቀኛለች፣ አሳያታለሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የት ነው ያመመሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።