የአባቴ የቅል መለከት

ባለፈው ሳምንት አሶሳ ውስጥ የክብር እንግዳ ተብዬ አንድ አዳራሽ ተቀምጬ ሳለ ከድምፅ ማጉያው ዋዛ የሚባለው የቅል መለከታችን ድምፅ ወጣ። መድረኩ ላይ በአንድ ልክ የተሰፋ ልብስ የለበሱ ወጣቶች የቅል መለከት አፋቸው ላይ ደግነው ጉንጫቸውን ይነፋሉ፤ ድምፁ ግን የሚመጣው ከአንድ ሰውዬ ስልክ ነው። መሀል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ሲገባበት እንኳ ወጣቶቹ መንፋታቸውን አላቆሙም። አንዱ ማስቲካ ያኝክ ነበር። ታዳሚው አጨበጨበ፤ እኔም እንግዳ ነኝና አጨበጨብኩ፤ ውስጤ ግን ይሳደብ ነበር።

ከዚያ መድረክ መሪው ወደ እኔ ዞሮ ያችን የማትቀር ጥያቄ ጠየቀኝ፤ "ሙስሊም ሆነው ወደ ልቦለድ እንዴት ገቡ?" አለ። ይህን ጥያቄ አሶሳም አዲስ አበባም ሰምቼዋለሁ። ልቦለድ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚፈትሽ ዘበኛ ያለው ይመስል! ሌሎቹ ደግሞ "አማርኛዎ ግን ግሩም ነው" ይሉኛል፤ ያቺ "ግን" ናት የምታበሽቀኝ። አማርኛ ያስተማሩኝ ከወሎ መጥተው አጠገባችን የሰፈሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው ብዬ ስመልስላቸው ሁለት ጊዜ ይደነግጣሉ፤ መጀመሪያ በእኔ፣ ቀጥሎ በጎረቤቶቻችን።

ለመድረክ መሪው የሆነ ነገር ቀባጠርኩለት። ልቤ እዚያ አልነበረም። ያ የስልክ ዋዛ ምንም ቢያናድደኝ አንድ ሽታ ይዞብኝ መጥቷል፤ ውሃ የጠጣ ደረቅ ቅል ሽታ። የመንደራችን ነፊዎች ከመንፋታቸው በፊት ቅሉን በውሃ ያርሱት ነበርና፣ የጭስ፣ የአቧራና የሰው ትንፋሽ ሽታ አንድ ላይ ብድግ ይላል። ስለዚህ ለመድረክ መሪው ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ።

ዋዛ የእኛ የበርታዎች መለከት ነው። ቅል በቅል ላይ እየተሰካ ይሠራል፤ ትንሹ ክንድ አያክልም፣ ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ነፍቶ ይተዋል፣ ጎረቤቱ ይቀበለዋል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ዜማው ክቡን ይዞራል። አንድ ሰው ቢቀር ዜማው ላይ ጥርስ የወለቀ ያህል ክፍተት ይታያል። አንድ ሃያሲ በአንድ ወቅት ልቦለዴን አንብቦ፣ ታሪኩ ከአንዱ ተራኪ ወደ ሌላው መተላለፉን ከፈረንጅ መጻሕፍት የቀዳሁት ነው ብሎ ጽፎብኛል። ፈረንጅ! እኔ እኮ ያደግሁት ከአሶሳ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው።

አባቴ የሚነፋው ረጅሙን ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በበጋው ሞተ፤ የሚቀጥለው መኸር ሲገባ ቦታው የእኔ እንዲሆን አጎቴ ወሰነ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፣ የመንደሩን ዋዛ የሚያስቀምጠውም እሱ ነበር። ከቤቱ ጣሪያ ሥር በቀርከሃ ቆጥ ላይ አጋድሟቸው፣ አባቴ ወደሚነፋው ስጠጋ "ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ እጅህን! ገና ነው" ይለኛል። ምክንያቱም ዋዛ ዘር ከተዘራ እስከ አጨዳ አፍ አይነካውም። ማሽላው መሬት ውስጥ እያለ አይነፋም፤ ሠርግ ይሁን፣ ሹመት ይሁን፣ አይነፋም። ስለዚህ እጠብቅ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ የአባቴ አፍ የነካውን በአፌ ለመንካት የጓጓሁትን ያህል ለምንም አልጓጓሁም።

በነሐሴ አጋማሽ ከአሶሳ የባህል ቢሮ ኃላፊው መጣ። ሰውየውን እንዴት ልግለጽልህ? ደረቱ ኪስ ላይ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሲጽፍባቸው ግን አይቼው አላውቅም። "ቱባ ባህል" ሳይል ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። መንግሥት አዲስ መፈክር ሲያወጣ አሮጌውን ከአፉ ለማውጣት አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ጠዋት ሲነሳ አዲሱን ከእናቱ ሆድ ይዞት የተወለደ ይመስላል። የዚያን ቀን መኪናውን ጭቃ ይዞበት በእግሩ ነበር የገባው፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ። ከበላይ እንግዳ ስለሚመጣ ዋዛው በሦስት ቀን ውስጥ አሶሳ ይነፋ አለ።

አጎቴ በእኛ ቋንቋ ሲናገር ሰው ሥራውን ትቶ ይሰማዋል። አማርኛ ግን አፉ ላይ አልገራለትም። "ክረምት ዋዛ አትነፋም" አለው። "ማሽላ ገና ትንሽ ነች። ዋዛ ከሰማች ትደነግጣለች።"

ኃላፊው ሳቀ። ወደ ሹፌሩ ዞሮ "ማሽላ ትደነግጣለች!" እያለ ደጋግሞ ሳቀ። ያን ሳቅ አልረሳውም። ያ ሰው አማርኛን እንደ ውሃ ያፈሰዋል፤ በዚያ ሁሉ አማርኛ ግን አንድ ቁም ነገር ሲናገር የሰማ የለም። አጎቴ በተሰባበረው አማርኛ የተናገረው እኔ እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለ መስመር ነው። ኃላፊው ግን የሰማው የፆታ ስህተቱን ብቻ ነበር።

ያኔ አንድ ሌላ ሰው ባይኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ወጣት ኡስታዝ ነበረን፣ ከትምህርት የተመለሰ፣ ጢሙ ገና በወጉ ያልሞላ። በየጁምዓው ዋዛ ሐራም ነው፣ መቃጠል አለበት እያለ ይሰብክ ነበር። አጎቴ ያ ልጅ ሳይወለድ ጀምሮ የንጋት የሱብሂ ሶላት ጀመዓ አምልጦት የማያውቅ ሰው ነው። "የዚህ ልጅ አባት እኛ በነፋነው ዋዛ እየጨፈረ አይደል እንዴ ሚስቱን ያገባት?" ይል ነበር ለእኔ፣ በቋንቋችን። ኡስታዙ ግን አጎቴን አስቀምጦ አንድም ቀን አላናገረውም። እሱና ኃላፊው አንዱ ሌላውን ቢያገኝ በመናቅ ይተላለፉ ነበር፤ እኔ ግን ሁለቱን ሳያቸው መንታ ይመስሉኛል። አንዱ ዋዛው ይቃጠል ይላል፣ ሌላው ዋዛው ይጨፍርልኝ ይላል፤ ዋዛው ምን እንደሆነ ግን አንዱም አልጠየቀም።

በዚያው ሳምንት ከኡስታዙ ተማሪዎች ጥቂቶቹ ክብሪት ይዘው በአጎቴ ጓሮ ሲያንዣብቡ ታዩ። ኃላፊው ይህን ሲሰማ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ድምፁ ማር ሆኗል። "አይነፋም፣ አባታችን። ለእይታ ብቻ። በመንግሥት ቤት ዘበኛ አለ፣ ማን ይነካዋል? ለአጨዳው እመልሳለሁ፣ ወላሂ!" አለ። ወላሂን እንዴት አፉን ሞልቶ እንዳለው! አጎቴ ነገሩን መዘነው። ልማዱ መንፋትን እንጂ ማሳየትን አይከለክልም፤ ክብሪቱ ደግሞ ጓሮው ድረስ መጥቷል። በመጨረሻ መለከቶቹን አንድ በአንድ በጆንያ ጠቅልሎ መኪናው ላይ አስጫነ። የአባቴን እኔው ራሴ ተሸክሜ መኪናው ድረስ ወሰድኩት፤ በጆንያ ውስጥ ሆኖ እንኳ ቀላልነቱ ይገርም ነበር።

ማሽላው ደርሶ ታጨደ። የአጨዳው በዓል ቀን ሲቃረብ አጎቴና እኔ መለከቶቹን ልናመጣ ባጃጅ ተሳፍረን ከተማ ገባን። ቢሮው ኮሪደር ላይ አዲስ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ቆሟል፣ ውስጡ መለከቶቹ ተደርድረዋል። መጀመሪያ የሌላ መንደር መሰሉኝ። በቅባት ቀለም ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተቀብተዋል። ቀጥሎ ያየሁትን ዓይኔ አላመነም። ሁሉም እኩል ናቸው። ሁሉም በመጋዝ ተቆርጠው አንድ ቁመት ሆነዋል።

ኃላፊው ፈገግ ብሎ ከቢሮው ወጣ። አጎቴ አፉን ከፍቶ ወደ መስታወቱ ሲያመለክት ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ ምን አለ መሰለህ? "ቁም ሳጥኑ በጨረታ ተሠርቶ አልቆ ነበር፤ ዋዛው ነው የረዘመው።" ቀጠለና "ቀለሙን ግን አዩት? ዝናብ እንኳ አያስለቅቀውም" አለ።

ይህን በልቦለድ ብጽፈው ሃያሲዎቹ ተጋነነ ይሉኛል። ለዚህ ነው ሳልጽፈው የኖርኩት።

አጎቴ ቁም ሳጥኑ እንዲከፈትለት ጠየቀ። የአባቴን መለከት አወጣ፤ ሳይቆረጥ በፊት እኔን በቁመት የሚበልጠኝ የነበረው አሁን ከወገቤ አያልፍም። በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ወደ ውስጡ አየ። ከዚያ ለኃላፊው መልሶ ሰጠው። "ይቺ የእኛ አይደለችም። አንተ ጋ ትቀመጥ" አለ። ኃላፊው "እግዜር ይስጥልኝ!" አለ፤ ስጦታ መስሎታል።

በባጃጁ ስንመለስ አለቀስኩ። በአባቴ ቀብር ላይ ሰው ስለሚያየኝ አልቅሼ አልወጣልኝም ነበርና ሁሉም አንድ ላይ መጣ። ሰው ሲሞት ድምፁ አብሮት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ የአባቴ ግን ቀርቶልኝ ነበር፣ ቆጥ ላይ ተጋድሞ እየጠበቀኝ ነበር። አጎቴ ፊቱን ወደ ውጭ መልሶ የማንጎ ዛፎቹን ያያል። "በሚቀጥለው ክረምት ቅል እዘራለሁ" አለ። ቅል ተዘርቶ፣ ደርቆ፣ ተመርጦ፣ ድምፁ እስኪገራ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ሁለታችንም እናውቃለን። ሌላ ዋዛ ይሠራ ይሆናል፤ አባቴ የነፋው ግን አይሆንም።

የበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ገለባው ገና ይሸታል፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ የሁሉም ፊት ቀልቷል። ሴቶቹ አንድም መለከት አለመኖሩን አይተው በሹክሹክታ ይነጋገራሉ። ኡስታዙም ተማሪዎቹን አስከትሎ መጥቷል፣ ሊገሥጸን። አጎቴ ባዶ እጁን መሀል ገባ። ነፊዎቹን በየስማቸው ጠራና ሁልጊዜ በሚቆሙበት ቦታ በክብ አቆማቸው። ከዚያ ምት ለመስጠት ትከሻውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና የትንሹን መለከት ድምፅ በአፉ አወጣ። ቀጣዩ ሰው ገባው፤ የራሱን ድምፅ በአፉ ተቀበለ። ሦስተኛውም ተቀበለ። ያለ አንድ ቅል ዜማው ክቡን መዞር ጀመረ፤ ሸካራ፣ ትንሽ አሳፋሪ፣ ግን እሱ ራሱ ነው። ኡስታዙ ጣቱን አንስቶ ነበር። ይቃጠል ያለው ነገር የለም፤ ያሉት ሰዎችና አፋቸው ናቸው። ጣቱን እንዳነሳ ጥቂት ቆየና ቀስ ብሎ አወረደው።

ዜማው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። እዚያ ሰው የለም፤ የአባቴ ቦታ ነው። አጎቴ መጥቶ እጅጌዬን ይዞ ጎተተኝ።

"አላውቀውም" አልኩት።

"አንድ ድምፅ ነው። ምኑ ነው የማይታወቀው?"

ሞከርኩ። ቀጭን የተማሪ ድምፅ ወጣኝ፣ ልጆች ሳቁ። አጎቴ ሁሉንም አስቆመ፤ መዳፉን ደረቴ ላይ አሳረፈ። "ከዚህ አውጣው። እሱ ከዚህ ነበር የሚያወጣው" አለኝ። ዜማው እንደገና ከትንሹ ተነሳ፣ እየዞረ መጣ፣ ወደ እኔ ደረሰ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅሁት። ከእኔ ቀጥሎ የሚቆመው አሮጌ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልኩን ከአባቴ ጎን የነፋው፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ የራሱን ተቀብሎ ቀጠለ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ዞርን።

ስንጨርስ ሁላችንም ድምፃችን ተዘግቶ ነበር። ያ አሮጌ ሰውዬ ጎሮሮውን እየጠራረገ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

"ትንሽ ትዘገያለህ" አለኝ።

"ይቅርታ፣ ለከርሞ አስተካክለዋለሁ" አልኩት።

"ተው፣ አታስተካክለው" አለ። "አባትህም ይዘገይ ነበር።"