መፍቻ የሚዋሰው የሊፍት ጠጋኝ

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖረው የሊፍት ጠጋኝ ለሥራ ብሎ ከአገሩ ከወጣ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ቱታው ግራሶ ግራሶ ይሸታል፤ ጫማውን ግን እንደ ሙሽራ ይወለውለዋል። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ከእግዜር ሰላምታ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ባለፈው ወር ግን በሬን አንኳኩቶ፣ "ጋሼ፣ ለአንድ ቀን መፍቻ ያውሱኛል?" አለኝ። ሰጠሁት። ከነርሷ ጎረቤቴ መሰላል፣ ከጥበቃው ጃንጥላ ተዋሰ። መመለስ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም።

ታግሼ ታግሼ፣ ተግሣጼን አሰናድቼ፣ ከዘራዬን ተደግፌ ወረድኩ።

"ውይ ጋሼ! ምነው እንዲህ ቆዩ?" አለኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

ነርሷ መሰላሏን ልትወስድ መጥታ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች። ጥበቃው ጃንጥላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይንከተከታል። አልጋው ሥር የመሣሪያ ሣጥን ክፍቱን ተቀምጧል፤ መፍቻ በየቁጥሩ ተደርድሮበታል።

"አንተ ቀጣፊ! ይሄ ሁሉ እያለህ?"

ሳቀ፤ ዐይኑ ግን አብሮት አልሳቀም። "ኑ ብላችሁ ትመጡ ነበር ጋሼ? ሰባት ወር ሙሉ ይህን በር ያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። ሰው ለሰው ብሎ ባይመጣ፣ ለዕቃው ይመጣል ብዬ ነው።"

ስለ ሰው ልጅ ብቸኝነት ስንት መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት የጻፈ ግን አላጋጠመኝም። ተግሣጼን ከሻዩ ጋር ዋጥኩት።

መፍቻዬን ይዤ፣ የደረጃውን ብረት እየተደገፍኩ ወደ ላይ ስወጣ ከኋላዬ ጮኸ፦

"ጋሼ፣ ከዘራዎን ረሱ!"

"አልረሳሁም፤ ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ።"