ፕሪንተሯን የዳኙት ሽማግሌ

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ሳጣ፣ አርባ ምንጭ ከተማ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ላይ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት አንድ ክፍል ተከራይቼ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። ንብረቴ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ያረጀ የፎቶ ኮፒ ማሽንና አንዲት ፕሪንተር ነበር። ፎቶ ኮፒው በነጋ በጠባ ይበላሻል። ፕሪንተሯ ግን አትበላሽም፤ የእሷ አመል ማኩረፍ ነው።

የሚያስኮርፋት ቀለም ነው። ኦሪጅናሉ ካርትሬጅ አርባ ምንጭ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ እንደ ሰው ሁሉ አስሞላለሁ። የሚሞላልኝ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ የሚኖር፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይርቅ፣ ድሮ ጨንቻ ሸማኔ የነበረ ሰው ነው። የቀለም ጠርሙሶችና ከፋርማሲ የገዛቸውን ስሪንጆች በቦርሳ ይዞ ከሱቅ ሱቅ ስለሚዞር ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል። ካርትሬጁን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ቀዳዳውን በጥፍሩ ፈልጎ፣ ቀስ አድርጎ ይወጋዋል። አንዳንዴ «አይዞህ» ሲለው ሰምቼዋለሁ።

እንዲህ ተስማምተን ስንኖር፣ አንድ ጠዋት ፕሪንተሯ ከኢንተርኔት የሆነ ነገር ስታወርድ ቆየችና ጠፍታ በራች። ስትበራ ሌላ ሆናለች። ትንሿ ስክሪኗ ላይ የወጣው እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የገባው ካርትሬጅ በአምራቹ አልተፈቀደም፤ ሥራ ቆሟል» የሚል ነው። እሺ የሚለውን ብጫን ያው። ካርትሬጁን አውጥቼ ብመልሰውም ያው።

ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። በባጃጅ ደረሰ። ካርትሬጁን በመዳፉ መዘን መዘን አደረገው።

«ሙሉ ነው» አለኝ።

«ሙሉ መሆኑን መች አጣሁት? አልቀበልም ነው የምትለው።»

«ተመልከቺ እንጂ!» ብሎ የካርትሬጁን ሆድ ሲጫነው ቀለሙ ጢቅ ብሎ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። «ይኸው፣ ሸሚዜን አስበላሸሽኝ!»

«እኔ?»

ከዚያ በኋላ የተባባልነው ለመጻፍ አይመችም። እኔ በርካሽ ቀለምህ ማሽኔን ገደልካት አልኩት። እሱ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያሰርሻት አንቺ ነሽ፣ ይህን ወሬ የሰማችው ከዚያ ነው አለኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አግዳሚው ላይ አንድ ባለጉዳይ ተቀምጠዋል። ከጨንቻ በላይ ካለ ቀበሌ የወረዱ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ቡልኳቸውን እንኳ አላወለቁም። የመንደራቸውን የእግረኛ ድልድይ ጎርፍ ስለወሰደው ፊት ለፊት ላለው ቢሮ ማመልከቻ ሊያስገቡ ነው የመጡት። ጽፌ ጨርሼላቸዋለሁ፤ የቀረው ማተም ነው። ቢሮው ለምሳ ሊዘጋም ብዙ አልቀረውም።

ድምፃችን ሲበረታ ብድግ ብለው ወጡ። ሌላ ቤት ሊያሳትሙ የሄዱ መስሎኝ አፈርኩ። ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። በሁለት እጃቸው ከቦዩ ዳር የነጩትን እርጥብ ሣር ይዘዋል። ደጃፉ ላይ ተንበረከኩ።

ዶክተሩ የጋሞ ልጅ ነው፤ ሣሩን ሲያይ የጀመረውን ቃል ሳይጨርስ ዋጠው። እኔ ከሌላ አገር ብመጣም፣ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ እንደሚቆም ለማወቅ አርባ ምንጭ ውስጥ የተማርኩበት ጊዜ በቂ ነበር።

«አባቴ፣ ይነሡ እባክዎ» አልኩ።

«ትታችኋል?»

«ትተናል» አልን ሁለታችንም።

ተነሥተው ተቀመጡ፤ ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ጠብ ከሥሩ ካልታየ ተመልሶ ይበቅላል አሉ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል መርጠው ነው የሚያስቀምጡት። መጀመሪያ የእኔን ቃል ሰሙ፣ ቀጥሎ የዶክተሩን። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ፕሪንተሯ አመለከቱ።

«የእሷስ ቃል?»

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስክሪኑን ተርጉሜ አነበብኩላቸው።

«አምራቹ ማነው?»

«የሠራት ድርጅት ነው፣ አባቴ።»

«የት ነው ያለው?»

«ባሕር ማዶ።»

«ማሽኗ የእሱ ናት?»

«የእኔ ናት። ገዝቻታለሁ።»

«ከሸጠልሽ በኋላ ነው የሚከለክልሽ?»

«አዎ።»

«ቢጠራ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

ሣሩን እንደያዙ ተነሥተው ወደ ፕሪንተሯ ቀረቡ። «በሬውን ከሸጠ በኋላ ይህን ሣር አትስጠው ብሎ የሚያዝ ሰው አላየሁም። ደግሞም ቀርቦ ያልተናገረ ሰው ክሱ አይሰማም።» ሣሩን በጥንቃቄ ክዳኗ ላይ አስቀመጡ። «ጨርሰናል። አሁን ሥሪ በያት።»

አፌን ከመክፈቴ መብራት ጠፋ።

መብራት እስኪመጣ ሦስታችንም ቁጭ አልን። ዶክተሩ ሸሚዙን በምራቁ ያሻል። ሽማግሌው ምንም እንዳልተፈጠረ ውጭ ውጭውን ያያሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራት መጣ፤ ፕሪንተሯም አጉረምርማ ተነሣች። ስክሪኗ ላይ ያ ጽሑፍ የለም። አዘዝኳት፤ ወረቀቱን ሳበች።

ኋላ ላይ አዋቂዎችን ጠይቄያለሁ። አንዱ ኤሌክትሪኩ ፈጽሞ ሲቋረጥ ያወረደችው ነገር ተደናግሯት ይሆናል አለኝ። ሌላው እንዲህ ብሎ ነገር የለም አለኝ። ያን ዕለት ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ችግሩ፣ የወጣው ጽሑፍ ጥቁር አለመሆኑ ነው። ዶክተሩ ባለፈው ሲሞላ ጠርሙስ ሳይሳሳት አልቀረም፤ ማመልከቻው ከላይ እስከ ታች ወይን ጠጅ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ልክ እንደ ማኅተም ቀለም።

«ይህማ ቢሮ አይገባም» አልኩ።

«ይነበባል?»

«መነበቡንስ ይነበባል።»

«እንግዲያው» ብለው የወጡትን ሦስት ቅጂዎች አጥፈው ይዘው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ሊሰናበቱኝ ብቅ አሉ። እንደነገሩኝ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወረቀቱን ገልብጣ ገላብጣ ብታየው ሁለመናው ማኅተም ሆነባት። ከበላይ የመጣ መስሏት ይዛው በቀጥታ ወደ ኃላፊው ገባች። ኃላፊውም ሽማግሌውን ቆመው ተቀበሏቸው፤ ድልድዩን የሚያይ ባለሙያ በሳምንቱ እንደሚላክ ነገሯቸው። ተላከም፤ ድልድዩ ከክረምቱ በፊት ቆመ። መሠራቱን የሰማሁት ሽማግሌው ሌላ ቀን አንድ ፌስታል የጨንቻ ፖም ይዘውልኝ ሲመጡ ነው።

ወሬው ሲዛመት «እንደ ሽማግሌው አድርጊልኝ» የሚል ባለጉዳይ በዛ። ዶክተሩ ግን የትኛውን ከየትኛው እንደደባለቀ አያስታውስም። ሞክሮ ሞክሮ አንድ ጊዜ አረንጓዴ አወጣ፤ አንድ አስተማሪ የደመወዝ አቤቱታውን በአረንጓዴ አስገብቶ ተመለሰበት።

ፕሪንተሯ ከእርቁ በአራተኛው ቀን እንደገና አኮረፈች፤ ከዚያ ወዲያ አንዴ ትሠራለች፣ አንዴ ታኮርፋለች። እኔና ዶክተሩ ግን መጣላት ተከልክለናል፤ በሣር የታረቀ ሰው በዚያው ነገር ድጋሚ አይነታረክም። ስለዚህ እንደ አማቾች መከባበር ጀመርን።

«ደህና አደርሽ እህቴ፣ ዛሬስ ምን አለች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ። አልተፈቀደም ብላለች።»

«ደግ። ካላስቸገርኩሽ ልያት?»

ጥርሳችንን ነክሰን ወራት እንዲህ ተነጋገርን። በኋላ ቀለም ከጠርሙስ በቀጥታ የሚቀዳባት ሌላ ፕሪንተር ገዛሁ። ዶክተሩ መጥቶ ዙሪያዋን አያት፤ የሚወጋበት ቦታ ፈልጎ አጣና ቅር አለው። አሮጌዋን ለራሱ ይወስዳት እንደሆነ ጠየቅኩት። ሁለቴ አላስባለኝም። ባጃጅ አስቁሞ የኋላ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት፤ ወደ ሲቀላ ሲወርዱ እንዳትንገጫገጭ በክንዱ አቅፏት ነበር።