ታፔላ ቢነቀል አንኮበር ይፈርሳል?

እትዬ ብርቄ ከአንኮበር መጥተው የፎቶ ቤቴ በር ላይ ተቀምጠዋል። የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ ሳይዙ አይመለሱም። ፎቶው ደግሞ አሁን ከኮምፒውተሬ ጠፋ።

ኮምፒውተሬ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። አልበም የምሠራበት አሮጌ ፕሮግራም የዊንዶውስ ስለሆነ፣ ሁለቱን የሚያግባባ አስማሚ ሶፍትዌር ጭኛለሁ።

ለሙከራ የሠራሁት አልበም ውስጥ ወደ ፎቶዎቹ የሚወስድ ሊንክ ነበረ። ሊንክ እንደ መንገድ ታፔላ ነው፤ ፎቶዎቹ ያሉት ሌላ ቦታ ነው። ዛሬ የሙከራውን አልበም ሳጠፋ፣ አስማሚው ሊንኩን እውነተኛ ፎልደር አድርጎ ቆጠረውና ተከትሎት ሄዶ ዋናዎቹን ጠራርጎ አጠፋቸው።

ኧረ በፈጠራችሁ! ደብረ ብርሃን መውጫ ላይ «ወደ አንኮበር» የሚለው ታፔላ ቢነቀል አንኮበር ይፈርሳል እንዴ? ታፔላውን ብቻ ነቅሎ መተው ምን ይከብዳል?

ከካሜራው ካርድ እንደገና እንዳልገለብጣቸው፣ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል።

«ጨረስክ ልጄ?» ይላሉ እትዬ ብርቄ። «ልጅቷ ጉልበቱን ስትስመው አባቷ ያለቀሰበትን ፎቶ አስቀድምልኝ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ» እላለሁ። በሩ አንድ ነው፤ እሱም ላይ እሳቸው አሉ።

እንዲህ ጠፍቶባችሁ መመለስ የቻላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁ ኮሜንት ላይ ቶሎ ጻፉልኝ። ይህን ስጽፍ ፎቶውን የምሠራ መስሏቸው እየመረቁኝ ነው።