ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነበርኩ

እጄን የኋሊት አስረው መኪናው ውስጥ ሲያስገቡኝ ገና ረፋድ ነበር። ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሐበሻ ሱቆች እየተከፈቱ ነው። አንዲት ደንበኛዬ አፏን በእጇ ይዛ አየችኝ።

ከመንገዱ ጀርባ ባለች መጋዘን የበርበሬ መፍጫ ማሽኖችን ከነቤቱ በሊዝ ውል ተከራይቼ እሠራ ነበር። ሊዙ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው የመጋዘኑ ባለቤት ሌላ ተከራይ አገኙና ቁልፉን ቀየሩብኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ። «ይሄ የኛ ጉዳይ አይደለም፤ ኮርት ሂድ» አሉኝ። በማግስቱ በሩ ላይ ቆሜ ለፖሊስ ደወልኩ። ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ ባለቤቱም መጡ። የንብረታቸውን ወረቀት አሳይተው «ሰብሮ ሊገባ ነው» አሏቸው። እኔም የሊዝ ወረቀቴን ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ፖሊሱ ጮኾ ክንዴን ያዘኝ። ደንግጬ ክንዴን መነጨቅሁ። በቃ።

የታሰርኩበት ክፍል ይበርዳል። የብረት አግዳሚ አለ፤ ክዳን የሌለው ሽንት ቤት አለ። አገር ቤት በፖለቲካ ሁለት ዓመት ታስሬአለሁ። እዚያ ሠላሳ ሆነን በየተራ ነበር የምንተኛው፤ ሰው ቢያመው ግንባሩን የሚዳብስለት አያጣም። እዚህ ብቻዬን ነኝ። የጫማዬን ክር ስለወሰዱብኝ ስራመድ ጫማው ይወልቃል።

ከሰዓት በኋላ ጠያቂ መጥቶልሃል ተባልኩ። ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጡት የመጋዘኑ ባለቤት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አብረን እናስቀድሳለን። ስለ እስሬ ያጫወትኳቸው ቀን አልቅሰው ነበር። የመነጋገሪያውን ስልክ አነሡ።

«ልጄ፣ እኔ ክስ አልፈልግም። ሶ፣ ቤቱን በፈቃዴ ለቅቄአለሁ ብለህ ፈርም፤ ዛሬውኑ ትወጣለህ።»

«ጋሼ፣ አልለቀቅሁም እኮ።»

«ኦኬ። እንግዲህ አንተ እስር የለመድክ ሰው ነህ፤ ምን ይከብድሃል?»

አገር ቤት ከእስር የወጣሁት «ተጸጽቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ፈርሜ ነው። ይህን ለሳቸውም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«አልፈርምም» አልኩ። «ስለጠየቁኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሲነሡ እኔም ተነሣሁ። ትልቅ ሰው ናቸውና በሩን እስኪያልፉ ድረስ ቆሜ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወደ ክፍሌ ተመልሼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በማግስቱ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ማሽኖቹን ሌላ ሰው ይዟቸዋል። ፍርድ ቤት ከስሻቸው ነበር፤ ኮርቱ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲጨምር ደንበኞቼም ወደ እሱ ሄዱ። አሁን ሎንግ ቢች ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀጥሬ ዕቃ እጭናለሁ። «ብትፈርም ኖሮ ያው ነበር» ይሉኛል ወዳጆቼ። እውነታቸውን ነው፤ ያው ነበር። ብቻ ሁለተኛ አልፈረምኩም።

ባለፈው ሰሞን በጠራራ ፀሐይ ሌቦች የጎረቤቴን መኪና መስታወት ሲሰብሩ ከመስኮቴ አየሁ። ፖሊስ ልጠራ ስልኬን አነሣሁ። ጣቴ ቁጥሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ጎረቤቴ መጥቶ «ያየኸው ሰው አለ ወይ?» ሲለኝ፣ ዓይኑን ሳላይ «ኧረ የለም» አልኩት።